መልስ፦ እንቁራሪት ያንሳፈፈ ሰው እውነት ኖቤል ተሸልሟል?

አቦ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ሻይ ላይ የተከራከራችሁበት ወሬ እውነት ነው። ኖቤል የተሸለመው ግን በእንቁራሪቷ አይደለም፤ ጓደኛህ ሁለት ሽልማቶች ተምታተውበታል። ሰውየው አንድሬ ጋይም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1997 ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ ጉልበቱ 16 ቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ) ገደማ በሆነ ማግኔት መሃል ትንሽ እንቁራሪት አስገባ። እንቁራሪቷ ከነሕይወቷ አየር ላይ ተንሳፈፈች! ምትሃት የለበትም። ማግኔት ውሃን በጣም በትንሹ ይገፋል፤ የእንቁራሪት አካል ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ማግኔቱ ሲበረታ ግፊቱ ክብደቷን ይሸከማል። ለዚህ ሥራ በ2000 የተሸለመው ኢግ ኖቤል ነው፤ መጀመሪያ አስቆ ቀጥሎ ለሚያሳስብ ምርምር የሚሰጥ ሽልማት።

ዋናው ኖቤል የመጣው በ2010፣ ከኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ጋር፣ በግራፊን ነው። እሱም ቢሆን ጉድ ነው። መጻፊያ እርሳስ ውስጥ የሚገኘውን ግራፋይት በተራ ፕላስተር እየላጡ፣ ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ ንጣፍ አገኙ፤ ግራፊን ማለት እሱ ነው። ውድ መሣሪያ ሳይሆን ፕላስተር!

እኔ እንዲህ ያለ ሰው ነፍሴ ነው። ሳይንስ ኮስታራ ፊት ብቻ እንዳልሆነ ለልጆቻችን የሚነገር ታሪክ ነው። ደግሞ ቲሻ የምትባል ሃምስተር፣ ያቺ አይጥ መሰል የቤት እንስሳ፣ ነበረችው፤ በ2001 ባወጣው የጥናት ጽሑፍ ላይ ስሟን አብራው እንደጻፈች አድርጎ አስፍሮታል።