ሱስን ትቶ ወደ ግቢ መመለስ

ጥያቄ፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። ጫት የጀመርሁት በፈተና ሰሞን ሌሊቱን ለማጥናት ነው፤ ቆይቶ ምርቃናውን ለመስበር መጠጥ ተጨመረበት፤ በመጨረሻም ትምህርቱን ለማቋረጥ ዊዝድሮዋል ሞልቼ ወደ ቤተሰቦቼ ተመለስሁ። ሁለቱንም ከተውሁ ወራት አልፈዋል፤ በሚቀጥለው ሴሚስተርም በሪአድሚሽን እገባለሁ። ነገር ግን የምመለሰው ወደዚያው ዶርም፣ ወደዚያው ጓደኛና ወደዚያው የፈተና ጭንቀት ነውና ፈርቻለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል?
ተመላሹ ተማሪ፣ ከደባርቅ

መልስ፦ ውድ ወንድማችን፣ ፍርሃትህ ተገቢ ነው፤ «እኔ እኮ ትቻለሁ» ብሎ ተዝናንቶ ከሚገባው ተማሪ ይልቅ አንተ ለመዘጋጀት ትቀርባለህ። ቤተሰብህ ዘንድ ሳለህ ሐራራውን የሚቀሰቅሱት ሰዎች፣ ሰዓቶችና ቦታዎች ርቀውህ ነበር፤ ግቢ ስትገባ ግን ሁሉም በአንድ ቀን ይጠብቁሃል። ስለዚህ ዋናው ሥራህ ከምዝገባ በፊት የሚሠራ ነው።

አስቀድመህ አንድ ሐሳብ ከራስህ ጋር ጨርስ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ንጥረ ነገር ስለሆነ እንቅልፍን ያባርራል፤ ይሁን እንጂ የተጠናው ነገር በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነውና ሌሊቱን ሙሉ የቃመ ተማሪ ያነበበውን ያህል ይዞ ወደ ፈተና አይገባም። ከምርቃናው በኋላ የሚመጣው መነጫነጭና እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ወደ ጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን ለመስበር ወደሚጠጣው መጠጥ ይገፋል። በአንተ ላይ መጠጡ የመጣው በጫቱ በኩል ስለሆነ «ለፈተና ብቻ ልቃም» የሚል ሐሳብ ሲመጣብህ የሁለቱንም መመለሻ መሆኑን እወቅ።

የዶርም ድልደላ ከመውጣቱ በፊት የተማሪዎች አገልግሎትን ቀርበህ የምትኖርበት ክፍል እንዲቀየርልህ ጠይቅ፤ ዝርዝሩን ለሁሉም ማስረዳት አይጠበቅብህም፤ ከሐኪም የተጻፈ ማስረጃ ካለህ «በጤና ምክንያት» ማለት ይበቃል። ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረ እንደመሆኑ የራሱ ሆስፒታል አለው፤ እዚያ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስላለ ቀጠሮህን ትምህርት ሳይጀመር ያዝ። ሐኪሙን የምታየው ስትቸገር ብቻ ከሆነ ዘግይተሃል።

ከሁሉ ይበልጥ የምናሳስብህ ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት ነው። በርጫ (ተሰብስቦ ጫት መቃም) የሚጀመረው በዚያን ጊዜ ስለሆነ፣ ክላስ በሌለህ ቀን ከሰዓቱን ዶርም ውስጥ ብቻህን አታሳልፈው፤ ከማይቅሙ የክፍል ጓደኞችህ ጋር የቡድን ጥናት ያዝበት፤ ማታ ደግሞ በጊዜ ተኛ። ዱካክ (ጫት ሲተው የሚመጣው ቅዠት) ወይም የድብርት ስሜት ቢመለስብህ አትደንግጥ፣ ለሐኪምህ ግን ንገር።

በአሜሪካ ቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1986 ከሱስ ለሚያገግሙ ተማሪዎች ማዕከል ከፍቷል፤ ራትገርስ ዩኒቨርሲቲም በ1988 መጠጥ የሌለበት ልዩ መኖሪያ አዘጋጅቶላቸዋል። ሕንጻው ገንዘብ ይጠይቃል፤ የሥራው ልብ የሆነው በየሳምንቱ እየተገናኙ በግልጽ መነጋገር ግን ሦስት ተማሪዎችና አንድ የሚታመን መምህር ካሉ በጎንደርም ይቻላል። ቢያንስ ታሪክህን የሚያውቅ አንድ ሰው በግቢው ውስጥ ይኑርህ።

ጥምቀትንም ከወዲሁ አስብበት። ከተማው በእንግዳ ሲሞላ የድሮ ጓደኞችህ «ለዛሬ ብቻ» ማለታቸው አይቀርም፤ ጥር 11 ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ከማን ጋር እንደምትወርድና በስንት ሰዓት እንደምትመለስ ከዋዜማው በፊት ወስን። ድንገት ብትሰናከል ደግሞ በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪምህ ሂድ እንጂ ሴሚስተሩን ጥለህ አትውጣ።

ጥያቄ፦ ልጄ ኮሌጅ ይማራል፤ በየቀኑ አረቄ ይጠጣል፤ ጠዋት ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል። አሁን ጠበል ልግባና በአንድ ጊዜ ላቁም ብሏል። ይዤው ልሂድ?
እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እናታችን፣ አስቀድመው ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። የእጁ መንቀጥቀጥ ሰውነቱ አልኮሉን መልመዱን ያሳያል፤ እንዲህ ያለ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ደግሞ መቃዠትና ከባድ ግራ መጋባት ሊደርስበት ይችላል፤ ሕይወትንም ያሰጋል። ሐኪሙ ይህን የሚከላከል መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ 1 ይሰጠዋል፤ አስፈላጊም ከሆነ ያስተኛዋል።

ይህ እምነትዎን የሚነካ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ታማሚዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መናገራቸውን ያስታውሱ ይሆናል። ሐኪሙ አደገኛው ጊዜ አልፏል ሲል ልጅዎ ወደ ጠበሉ ይሂድ፤ የታዘዘለትን መድኃኒትም ይዞ ይሂድ፤ ምግብ ሳይቀምስ የሚቆይበት ሰዓት ካለም አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።