የቤንዚን ዋጋ ሲንር ተጠያቂው ማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ እትም ከአዳማና ከአካባቢዋ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኛዎቹ ስለ ነዳጅ ዋጋ የሚጠይቁ ናቸው። ብዙዎቹ ተመሳሳይ ስለሆኑ ሦስቱን መርጠን መልስ ሰጥተንባቸዋል።

ጥያቄ፦ *በአዳማ ከተማ ባጃጅ እየነዳሁ ቤተሰቤን አስተዳድራለሁ። ቤንዚን በሊትር ሃምሳ ብር ሳይሞላ የቀዳሁበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። አሁን የቀን ገቢዬ ግማሹ ለነዳጅ ይሄዳል፤ የታሪፍ ጭማሪ ብጠይቅ ደግሞ ተሳፋሪው በእግሩ መሄድን ይመርጣል። ማደያ ስሰለፍ ሁሉም ሰው የሚለው «የነዳጅ ኩባንያዎቹ በሉን» ነው። እውነት ጥፋቱ የእነርሱ ነው?*

መልስ፦ ውድ ወንድማችን፣ የሚያስመርርዎትን ነገር እንረዳለን፤ በሰልፉ ላይ የሚሰሙት ግን ከእውነታው ጋር በደንብ አይገጥምም። በሀገራችን የቤንዚንን የችርቻሮ ዋጋ የሚቆርጠው መንግሥት እንጂ ኩባንያ አይደለም። ነዳጁን ከውጭ ገዝቶ የሚያስገባው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት የተባለው የመንግሥት ተቋም ሲሆን፣ እንደ ኖክ፣ ቶታል ኢነርጂስ፣ ኦላ ኢነርጂና የተባበሩት ያሉት አከፋፋዮች ከዚሁ ድርጅት እየተረከቡ ለማደያዎች ያደርሳሉ። የመሸጫው ዋጋ ለየከተማው ተሰልቶ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር በኩል ይገለጻል፤ አከፋፋዩም ሆነ የማደያው ባለቤት ከእያንዳንዱ ሊትር የሚያገኙት ድርሻ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። የማደያ ባለቤቶች ድርሻችን አነሰን እያሉ ለዓመታት ሲያመለክቱ የኖሩትም ራሳቸው መጨመር ስለማይችሉ ነው። እንግዲህ አንድ ማደያ ከተተመነው ዋጋ በላይ ቢያስከፍል ሕግ ተላልፏል፤ የተተመነው ዋጋ ራሱ እዚህ መድረሱ ግን የማደያው ሥራ አይደለም።

ታዲያ ከየት መጣ? ሁለት ጊዜዎችን ብናነጻጽር ነገሩ ጥርት ብሎ ይታያል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን በአዲስ አበባ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው ክለሳ ደግሞ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ፤ ከዚያም በኋላ ጨምሯል። በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። በዓለም ገበያ ግን በዚያው ጊዜ የሆነው ተቃራኒው ነው። የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ገበያውን ባናጋበት በ2014 ክረምት ብሬንት የሚባለው ድፍድፍ ነዳጅ በበርሜል 100 ዶላር ገደማና ከዚያም በላይ ይሸጥ ነበር፤ ታኅሣሥ 2017 አልቆ ጥር ሲገባ ግን በ80 ዶላር አካባቢ ነበር። የውጭው ዋጋ እየወረደ የእኛ ከወጣ፣ ምክንያቱን ከጅቡቲ ወዲህ መፈለግ አለብን።

ዋነኛው ምክንያት የብር ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በቀጣዩ ታኅሣሥ 125 ብር አካባቢ ደረሰ። አንድ በርሜል 159 ሊትር ይይዛል። በርሜሉ 80 ዶላር ከሆነ የአንድ ሊትር ድፍድፍ ዋጋ ግማሽ ዶላር ያህል ነው፤ በቀድሞው ምንዛሪ ይህ 29 ብር ገደማ ሲሆን በኋለኛው 63 ብር ገደማ ይሆናል። በዶላር የተተመነው ዋጋ በሳንቲም ሳይለወጥ፣ ሻጩም ምንም ሳይጨምር፣ የሊትሩ ዋጋ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በዚህ ላይ የማጣሪያው፣ የመርከቡና የወደቡ ክፍያ አለ፤ እነዚህም ሁሉ የሚከፈሉት በውጭ ምንዛሪ ነው። በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ ወደ አዳማ የሚገባው ቦቴም ጎማውና መለዋወጫው በዶላር ተገዝቶ የመጣ ነው።

ሌላው የድጎማው መነሳት ነው። የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ በ1993 ዓ.ም. ሲቋቋም ዓላማው የዓለም ዋጋ ሲወርድ ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ሲወጣ በተጠራቀመው ሕዝቡን ለመደገፍ ነበር። በተግባር ግን መንግሥት ነዳጁን ከገዛበት በታች ለረጅም ጊዜ ሲሸጥ ስለኖረ ፈንዱ በብዙ አሥር ቢሊዮኖች ብር ዕዳ ውስጥ ገባ። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ እንዲሆንና ለሌላው ደረጃ በደረጃ እንዲነሳ ተወሰነ። በ2016 መጨረሻ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር የተደረሰው የአራት ዓመት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ስምምነትም ነዳጅ ሙሉ ወጪውን በሚሸፍን ዋጋ እንዲሸጥ የሚጠይቅ ነው።

ድጎማው እንደነበረ መቀጠል ነበረበት የሚል አቋም የለንም። ርካሽ ነዳጅ በድንበር በኩል ወደ ጎረቤት አገሮች ሲሾልክ ኖሯል፤ ከፍተኛውን ድጎማ የወሰደውም ብዙ ነዳጅ የሚጠጣ መኪና የነበረው ሰው ነው እንጂ በአዳማ ከፍራንኮ እስከ ፖስታ ቤት በባጃጅ የሚመላለሰው ተሳፋሪ አይደለም። ቅሬታችን በአካሄዱ ላይ ነው። የምንዛሪው ለውጥና የድጎማው መነሳት በአንድ ጊዜ ሲወርዱበት የዜጋው ገቢ ባለበት ቆሞ ነበር፤ በየክለሳው የሚነገረንም በአብዛኛው የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ሊትር ለግዢ ስንት፣ ለማጓጓዣ ስንት፣ ለግብር ስንት፣ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ለሚሰበሰበው የመንገድ ፈንድ ስንት፣ ለአከፋፋዩና ለማደያው ስንት እንደሚሄድ ከዋጋው ጋር አብሮ ቢወጣ፣ እርስዎም በሰልፉ ላይ በግምት አይወያዩም ነበር። ሕዝብ የሚከፍለውን ነገር ዝርዝር የማወቅ መብት አለው፤ ይህን ለማተምም አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል።

ነዳጅ በሀገራችን ታሪክ ቀላል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። በ1966 ዓ.ም. የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ የዓለምን ዋጋ አራት እጥፍ ገደማ ካደረሰው በኋላ መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር፣ በየካቲት ወር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። ጭማሪው በከፊል ተቀነሰ፤ ሆኖም የመምህራኑ፣ የተማሪዎቹና የወታደሩ ጥያቄ ተደርቦበት ስለነበር ወሩ ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ይህን የምናነሳው ስለ ነዳጅ ዋጋ ለሕዝብ በግልጽ መናገር የበጎ ፈቃድ ጉዳይ እንዳልሆነ ለማስታወስ ነው።

ጥያቄ፦ *በአዳማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። በዩክሬን ጦርነት ጊዜ የዓለም ታላላቅ የነዳጅ ኩባንያዎች በታሪካቸው አይተውት የማያውቁትን ትርፍ ማግኘታቸውን ሰምቻለሁ። ዓለም ሲቸገር እነርሱ ካተረፉ ለጭማሪው ተጠያቂ አይደሉም ማለት ይቻላል?*

መልስ፦ የሰሙት ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኤክሶን ሞቢል 55.7 ቢሊዮን ዶላር፣ ሼል 40 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ትርፍ አስመዝግበዋል፤ የሳውዲው አራምኮ ደግሞ 161 ቢሊዮን ዶላር አትርፏል። አንድ ሊትር ለመቅዳት ሌሊቱን ማደያ ደጅ ያደረ ሾፌር ይህን ሲሰማ ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ሆኖም ትርፍ ማግኘትና ዋጋ መወሰን ይለያያሉ። የድፍድፍ ዋጋ የሚወጣውና የሚወርደው በዓለም ገበያ በሚደረግ የሽያጭ ውል ነው፤ አብዛኛው የዓለም የነዳጅ ክምችት ደግሞ በግል ኩባንያዎች ሳይሆን በመንግሥታት እጅ ነው። በ1953 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በባግዳድ የተመሠረተው የነዳጅ ላኪ አገሮች ማኅበር ኦፔክ፣ ኋላም ሩሲያን ጨምሮ የሰፋው ስብስብ፣ ምርትን በመቀነስ ዋጋን ከፍ ለማድረግ ከማንኛውም የግል ኩባንያ የበለጠ አቅም አለው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ምርቱን በቀን በሁለት ሚሊዮን በርሜል ለመቀነስ የወሰነውም ይኸው ስብስብ ነው። ኩባንያዎቹ ዋጋውን እንደፈለጉ የሚወስኑ ቢሆኑ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ገዢ ጠፍቶ የአሜሪካ ድፍድፍ የወደፊት ውል (በኋላ ለሚረከቡት ነዳጅ አስቀድሞ የሚደረግ የሽያጭ ውል) ከዜሮ በታች ወርዶ ሲሸጥ ዝም ብለው አያዩም ነበር።

ይህ ማለት ግን ከደሙ ንጹሕ ናቸው ማለት አይደለም። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የድፍድፍ ዋጋ ሲጨምር የማደያው ዋጋ ወዲያው ይከተላል፤ ሲቀንስ ግን ለመውረድ ሳምንታት ይወስዳል። በዚያ መካከል ያለው ልዩነት በአጣሪውና በቸርቻሪው ኪስ ይቀራል። የ2022 ትርፍም ቢሆን አዲስ ጉድጓድ ስለተቆፈረ ወይም ሥራ ስለተሻሻለ የተገኘ ሳይሆን ጦርነት ያመጣው ነው። ስለዚህ ብሪታንያ በዚያው ዓመት በነዳጅና ጋዝ አምራቾች ትርፍ ላይ 25 በመቶ ተጨማሪ ግብር መጣሏና ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ ወደ 35 በመቶ ማሳደጓ፣ የአውሮፓ ኅብረትም ተመሳሳይ እርምጃ መውሰዱ ተገቢ ነበር ብለን እናምናለን። ቁጭታችን፣ ያ ግብር የተመለሰው ለእንግሊዝና ለጀርመን ተጠቃሚ መሆኑ ነው። ያንኑ ውድ ነዳጅ በብድርና በቡና ሽያጭ በተገኘ ዶላር የገዛችው ኢትዮጵያ ግን ምንም አልተመለሰላትም፤ የድሃ አገር ገዢ በዚህ ገበያ የሚናገርበት መድረክ የለውም።

ጥያቄ፦ *ከአዳማ ወደ አሰላ ሚኒባስ እነዳለሁ። ማደያ ስደርስ «ቤንዚን የለም» ይሉኛል፤ ከማደያው መቶ ሜትር ሳልርቅ ግን ልጆች በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልተው እጥፍ ሊደርስ በሚጠጋ ዋጋ ይሸጡልኛል። ይህስ የመንግሥት ዋጋ ነው? ለማንስ አቤት ልበል?*

መልስ፦ በዚህ ጉዳይ ላይ ጣትዎን ወደ ማደያው ቢቀስሩ አይሳሳቱም። ከላይ የዋጋው ንረት የኩባንያዎቹ ሥራ አይደለም ያልነው በሕጋዊው ማሽን ላይ ስለሚታየው ዋጋ ነው። በጠርሙስ የሚሸጠው ነዳጅ ከሰማይ አልወረደም፤ በቦቴ ተጭኖ፣ በማደያው መሬት ውስጥ ባለው ታንከር ተገልብጦ፣ ከዚያ በጀሪካን የወጣ ነው፤ አለበለዚያም ቦቴው ማደያው ሳይደርስ መንገድ ላይ ተራግፏል። በሁለቱም መንገድ ከአከፋፋዩ፣ ከሾፌሩ ወይም ከማደያው አንዱ ሳያውቅ ሊፈጸም አይችልም።

ድርጊቱ የሚብሰው የዋጋ ክለሳ ሲጠበቅ ነው። ነገ ሊጨምር የሚችልን ዕቃ ዛሬ ከመሸጥ ማሳደሩ ለባለማደያው ያተርፈዋል፤ አሥር ሺህ ሊትር ይዞ ያደረ ማደያ፣ ሊትሩ በአሥር ብር ቢጨምር፣ ምንም ሳይሠራ መቶ ሺህ ብር አግኝቶ ይነሳል። በዚያ ሌሊት የእርስዎ ሚኒባስ ሰልፍ ላይ ናት፤ አሰላ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያለው ተሳፋሪም መናኸሪያ ተቀምጧል። የዋጋ ክለሳ በተደረገ ቁጥር በየማደያው ታንከር ውስጥ ያለው ነዳጅ በዚያው ሌሊት ተለክቶ ቢመዘገብና ልዩነቱ ለመንግሥት ገቢ ቢሆን፣ የመደበቁ ጥቅም ከሥሩ ይነቀላል። ክፍያው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብርና በመሳሰሉት ብቻ እንዲሆን መደረጉ የተቀዳውን ከገባው ጋር ለማመሳከር መንገድ ከፍቷል፤ ማመሳከሩ በየዕለቱ ካልተሠራ ግን ሰልፉን ከማስረዘም ሌላ ጥቅም አይኖረውም።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የነዳጅ ውጤቶች የግብይት ሥርዓት አዋጅ ነዳጅ ደብቆ መያዝን፣ ከተተመነው በላይ መሸጥንና ከተፈቀደው ቦታ ውጭ መቸርቸርን ይከለክላል፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። ስለዚህ «የለም» ሲባሉ የማደያውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉ፤ በዚያው ሰዓት በጀሪካን ሲቀዳ ካዩ የተሽከርካሪውን ሰሌዳ ቁጥር ይያዙ፤ ከቀዱም ስልክዎ ላይ የሚደርስዎትን የክፍያ መልእክት አያጥፉ፤ በማሽኑ ላይ የታየው ሊትርና የተከፈለው ገንዘብ መመጣጠኑን የሚያረጋግጡበት እርሱ ነውና። አቤቱታውን በጽሑፍ ለአዳማ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት ያስገቡ፤ በግልባጭም ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ያሳውቁ፤ የገባበትን ቁጥርና ማኅተም ሳይቀበሉ ከቢሮው አይውጡ። ብቻዎን ከሚያመለክቱ ደግሞ በማኅበራችሁ በኩል፣ የበርካታ ሾፌሮችን መዝገብ አያይዛችሁ ብታቀርቡት፣ የአንድ ማደያ ተደጋጋሚ ልማድ መሆኑ በማስረጃ ስለሚታይ ጽሕፈት ቤቱ በቀላሉ ሊያልፈው አይችልም።