ከደብረ ማርቆስ ስላልተፈለፈሉት እንቁላሎች ለቀረበው ጥያቄ
እህታችን ማሽን ውስጥ ካስገቧቸው 96 እንቁላሎች 34 ብቻ እንደተፈለፈሉ፣ ከቀሩት በብዙዎቹ ጫጩቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በቅርፊቱ ውስጥ እንደሞተ፣ ሁለቱ ደግሞ ምንቃራቸው የተጣመመና እግራቸው ያጠረ እንደነበር ገልጸው፣ ጥፋቱ የመብራት መቆራረጥ ነው ወይስ በዶሮ ቤቱ የነሰነሱት የተባይ ዱቄት ብለው ጠይቀዋል። በቡሬ ዙሪያ ለዓመታት ጫጩት ሳስፈለፍል ከደረሰብኝ ኪሳራ የተማርሁትን ልንገርዎ። አንድ ዓይነት ጉዳት ሽሉን ባገኘው ቀን ልክ የተለያየ ውጤት ስለሚያመጣ፣ በማሽኑም ሆነ በዱቄቱ ከመፍረድዎ በፊት ያልተፈለፈሉትን እየሰበሩ ሽሉ በስንተኛው ቀን ገደማ እንደሞተ ይመልከቱ።

እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በአንድ ዙር ማሽኑ ሽታ ስላመጣብኝ፣ እንቁላሎቹ በገቡ በሦስተኛው ቀን በፎርማሊንና በፖታሲየም ፐርማንጋኔት አጠንሁት። በሰባተኛው ሌሊት በባትሪ ሳያቸው፣ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ የደም ሥር ማየት ሲገባኝ፣ በአብዛኞቹ ውስጥ ያገኘሁት እንደ ቀለበት የዞረ ቀጭን የደም መስመር ብቻ ነበር። አውራ ዶሮው አርጅቷል ብዬ ለወጥሁት፤ በከንቱ ነበር። የሽሉ ልብ መምታት የሚጀምረው በሁለተኛው ቀን ገደማ ሲሆን፣ ከ24ኛው እስከ 96ኛው ሰዓት ድረስ ያለው ሽል ከሁለቱ ኬሚካሎች የሚወጣውን ጋዝ እንደማይችል የነገረኝ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ከዚያ ወዲህ የማጥነው ባዶውን ማሽን ብቻ ነው።

ላምባም እንዲሁ ነው። ፋኖስ ሞልቼ እጄን ሳልታጠብ እንቁላል ያገላበጥሁበት ቀን ነበር፤ የጣቴ አሻራ በቅርፊቱ ላይ ጠቁሮ ከታየባቸው እንቁላሎች አንዱም አልተፈለፈለም። ሽሉ የሚተነፍሰው በቅርፊቱ ላይ ባሉት በሺህ በሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነውና፣ የነዳጅ ዘይት ጠብታ ቀዳዳዎቹን ከመድፈኑም በላይ መርዙ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ወደ ዱቄቱ ልመለስ። የነሰነሱት ማላታዮን ከሆነ፣ ይህ መድኃኒት በጫጩት ሽል ላይ ሲሞከር እግር እንደሚያሳጥርና ምንቃር እንደሚያጣምም የታወቀ ነገር ነው። እንቁላል ከዶሮዋ ሲወጣ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ስለሚኮማተር በላዩ ያለውን ቆሻሻ በቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ዱቄት በመጣያ ጎጆው ጭድ ላይ ፈጽሞ መነስነስ የለበትም። ሆኖም የእናቲቱ መኖ ማንጋኒዝ የተባለው ማዕድን ሲያንሰው የሚያመጣው ጉድለት ከዚህ ጋር ይመሳሰላልና፣ በሁለት ጫጩት ብቻ ዱቄቱን ጥፋተኛ ማድረግ አይቻልም። ጭዱን ይለውጡ፤ መኖውንም ይመርምሩ።

መጨረሻ ላይ የሞቱት ግን፣ በእኔ ግምት፣ ከዱቄቱ ይልቅ ከሙቀት፣ ከእርጥበትና ከአየር ጋር የተያያዙ ናቸው። አየር የሚያዘዋውር ማራገቢያ ላለው ማሽን ተገቢው ሙቀት ከ37.5 እስከ 37.8 ዲግሪ ነው። የታቀፈች ዶሮም ለመብላት ስትወርድ እንቁላሎቿ ይቀዘቅዛሉ፤ አጭር ቅዝቃዜን ሽሉ ይችለዋል፤ ለሰዓታት ከ40 ዲግሪ በላይ መሞቅን ግን አይችልም። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ሳይከፍቱ ጋቢ ያልብሱት፤ የአየር ማስገቢያውን ግን አይሸፍኑ፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ሽሉ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋልና። መብራቱ ሲመለስም ሙቀቱ ከልክ አልፎ እንዳይወጣ አጠገቡ ሆነው ይጠብቁ።

የደብረ ማርቆስን ከፍታም አይርሱ። ከ2,400 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ኦክስጅኑ ያንሳል፤ ውኃውም ከእንቁላሉ ቶሎ ይተናል። ስለዚህ ለቆላ የተጻፈ መመሪያ ላይበቃዎት ይችላል። እኔ የምተማመነው በሚዛን ነው፤ 60 ግራም የነበረ እንቁላል በ18ኛው ቀን 53 ግራም ገደማ መሆን አለበት። ከዚያ በታች ከወረደ ውኃ ይጨምሩ።

ያልተፈለፈሉት እስካሁን ካልተጣሉ ይስበሯቸውና ሁለት ነገር ይጻፉልን፦ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ደርቆ ከጫጩቱ ጋር ተጣብቋል ወይስ ጫጩቱ በውኃ አብጧል? የመጀመሪያው የእርጥበት ማነስ፣ ሁለተኛው የእርጥበት መብዛት ምልክት ስለሆነ፣ ቀጣዩን ዙር የምናስተካክለው በዚያ መሠረት ይሆናል።