መልስ፦ የጎልፍ ሜዳ ለምን 18 ጉድጓድ ሆነ?

ከደብረ ማርቆስ ለጠየቅከን ወንድማችን፦ 18 ጉድጓድ ከየት እንደመጣና በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ከተማ ያለው የጎልፍ ሜዳ የከተማው የጎልፍ ክለብ ይሁን አይሁን ነበር ያልከው።

ነገሩ የተጀመረው እዚያው ስኮትላንድ ነው። ክለቡን 22 ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1754 መሠረቱት። ያኔ ኳሷን ወደ 11 ጉድጓዶች በተራ እየመቱ ይሄዱና በዚያው መስመር ይመለሳሉ፤ 22 ማለት ነው። በ1764 የመጀመሪያዎቹ 4 አጭር ናቸው ተብሎ በ2 ተጠቃለሉ። 9 ሲሄዱ፣ 9 ሲመለሱ፤ በቃ 18 ሆነ። ሌላው ዓለም ቀስ በቀስ ተከተለ። አሁንም በዚሁ ሜዳ («አሮጌው ሜዳ» ይሉታል) 14ቱ ጉድጓዶች ጥንድ ጥንድ ሆነው በዙሪያቸው ያለውን አንድ የታጨደ መደብ ሣር ይጋራሉ። የጥንዶቹን ቁጥር ደምረው፤ 2 እና 16፣ 3 እና 15፣ ሁሌም 18 ይመጣል። ደስ አይልም?

ሜዳው ግን የክለቡ አይደለም፣ የሕዝብ ነው! በ1552 የከተማው ሊቀ ጳጳስ የፈረሙት ሰነድ የከተማው ሰው እዚያ የመጫወት መብቱን ያረጋግጣል። እሁድ ጨዋታ ቆሞ ሰው ከነውሻው ይንሸራሸርበታል። እኛስ ጎጃም ውስጥ ገና የምንጫወተው ከብት በሚግጥበት መስክ አይደል? ዱላ የያዘ ሁሉ ይገባል። ይህን ታሪክ የምወደውም ለዚህ ነው።

ዛሬ ሴንት አንድሩስ ውስጥ 7 ሜዳዎች አሉ። «አዲሱ» የሚሉት ራሱ የ1895 ነው።