ለባር ፈተና ለምትዘጋጂው እህታችን

እህቴ፣ በአስተናጋጅነት ከምትሠሪበት ሆቴል ወደ ባር ክፍል ለመዛወር የተግባር ፈተና እንደሚጠብቅሽ ጽፈሽልኛል። የኮክቴል አዘገጃጀቶችን በቃልሽ እያጠናሽ ነው፤ ቢተርስን ግን «ጥቂት ጠብታ ምን ለውጥ ያመጣል?» ብለሽ ልታልፊው አስበሻል። አልኮል አለመጠጣትሽም አሳስቦሻል።

እባክሽ አትለፊው። ሽምደዳውን ለጊዜው ተዪና ከቢተርስ ጀምሪ፤ ፈታኝ የሚፈልገው የሚቀምስ ሰው ነው።

ቢተርስ መራራ ሥራሥር፣ ቅርፊትና ቅመማ ቅመም በጠንካራ አልኮል ተዘፍዝፎ የሚወጣ ማጣፈጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1806 በኒውዮርክ ግዛት የታተመ ጋዜጣ ኮክቴልን ሲያብራራ አልኮል፣ ስኳር፣ ውሃና ቢተርስ ብሎ ነበር። ጌሾ ለጠጅ የሚሰጠውን ምሬት ስለምታውቂ ነገሩ እንግዳ አይሆንብሽም።

የባር ኃላፊያችሁን አስፈቅጂና እንግዳ በሌለበት ሰዓት ኦልድ ፋሽንድ የሚባለውን የዊስኪ ኮክቴል በሁለት ብርጭቆ ሥሪ። በሁለቱም ብርጭቆ አንድ አንድ እንክብል ስኳር በጥቂት ውሃ አሟሚ፤ በአንደኛው ብቻ አንጎስቱራ የተባለውን የቢተርስ ዓይነት ጠርሙሱን ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አድርገሽ ጨምሪ። ከዚያ 60 ሚሊ ሊትር ዊስኪና በረዶ ጨምረሽ በማንኪያ አማስዪ፤ የብርቱካን ልጣጭም ጨመቅ አድርጊበት። ቅመሽና ትፊው፤ በዚህ ሙያ ቀምሶ መትፋት ነውር አይደለም። ቢተርስ በሌለው ብርጭቆ ስኳሩ ለብቻው፣ የዊስኪው ማቃጠል ለብቻው ይሰማሻል። በሌላኛው ምሬቱ ጣፋጩን ይገታዋል፤ የቅርንፉድና የቀረፋ የሚመስል መዓዛም ይከተላል። ያገኘሽውን ልዩነት በራስሽ ቃል ጽፈሽ ያዢ፤ ፈታኙ ሲጠይቅሽ የምትመልሺው እሱን ነው።

የእጅ ልምዱም ቀላል አይደለም። አንድ ነቅነቅታ አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ጠርሙሱ ሲጎድል ግን መጠኑ ይለያያል። ስለዚህ እጅሽ እስኪለምድ በውሃ ተለማመጂ።

ከሁሉ በላይ እንድትይዢልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። አንጎስቱራ 44.7 በመቶ አልኮል ነው። አልኮል የሌለው መጠጥ ላዘዘ እንግዳ ሶዳው ላይ ጠብ ከማድረግሽ በፊት ንገሪው፤ በሃይማኖቱም ሆነ በጤናው ምክንያት የማይነካ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳትጠየቂ ለፈታኙ ብታነሺ፣ በአስተናጋጅነት ያካበትሽው ለእንግዳ መጠንቀቅ ወደ ባሩም አብሮሽ እንደሚሄድ ያያል።