ሳቁ ግሡ ላይ ነው፦ ኮሜዲ መጻፍ ለምትፈልጉ ልጆች

ልጆቼ፣ ከደብረ ብርሃን የሚደርሱኝ መልእክቶች አብዛኞቹ አንድ ጥያቄ ናቸው። «ጋሼ፣ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ለመጻፍ የግድ አዲስ አበባ መግባት አለብኝ?» ሥራው ያለው እዛ ስለሆነ መሄዳችሁ አይቀርም፤ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ግን አካባቢያችሁን በደንብ ስሙት።

ደብረ ሲና ላይ አውቶብስ ሲቆም ቆሎ ሻጮች መስኮቱን እንዴት እንደሚከቡት ታውቃላችሁ። አንድ ጊዜ ከፊቴ የተቀመጡ አዛውንት ከአንዷ ልጅ ቆሎ ሦስቴ ቀመሱና «ጨው የለውም» አሏት። ልጅቷ ቅር እንኳ ሳይላት «ጨውስ ነበረው አባባ፤ ሲቀምሱ ጨረሱት» አለቻቸው። አውቶብሱ በሳቅ ተናጋ። እሳቸውም እየሳቁ ገዙ።

ከዓመታት በኋላ ይህችን ነገር ስክሪፕት ውስጥ አስገባኋት። መጀመሪያ «ሲቀምሱ ጨረሱት፤ እንዲህ እየቀመሱ ሊያከስሩኝ ነው» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ልምምድ ላይ ማንም አልሳቀም። ጭማሪዋን ስሰርዛት ካሜራማኑ ሳቁን መያዝ አቅቶት ቀረጻው ከእንደገና ተጀመረ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ሰሚው እሱን ይጠብቃል፣ ሳቁም እዛው ነው ያለው፣ ከዛ በኋላ የምትጨምሩት ቃል ሁሉ ይገድለዋል። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልድ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ እኛ ዘንድ የደረሰው አጭር ስለሆነ ይመስለኛል።

ደግሞ የአያቶቻችሁን አነጋገር መሳለቂያ አታድርጉት። ቴሌቪዥን ላይ ባላገር ሲመጣ ሁሌ ከተማ ገብቶ መንገድ የጠፋበት ሰው ነው፤ ይሄ ያናድደኛል። እኔ የማውቀው የመንዝ ሰው ተከራካሪውን በአንድ ቃል አፉን የሚያስይዝ ነው። እሱን ጻፉት።

ኑሮው ከባድ ነው። ሳምንታዊ ድራማ ከሆነ የዛሬው ሳይተላለፍ የሚቀጥለውን ይጠይቋችኋል። ተመልካች የሚያውቀው ተዋናዩን ነው። እኔ ለአንድ ጣቢያ ሙሉ ሲዝን ጽፌ ስሜ ሳይወጣ ቀርቷል፤ የክፍያው ግማሽም እስከዛሬ አልመጣም። ውላችን በቃል ነበር። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራችሁን ከጻፋችሁት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቅላችኋል፤ ቢሆንም ያለ ጽሑፍ ውል አንዲት ትዕይንት እንዳታስረክቡ፣ አሠሪው አጎታችሁም ቢሆን።

ለገና ደብረ ብርሃን ነኝ። ሁለት ሁለት ገጽ ጽፋችሁ ኑ፤ ጮክ ብለን እናነበዋለን። ጋቢም ያዙ፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ።