ሸሪፉ «ተሾሙ» ወይስ «ተመረጡ»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። ለማኅበራችን መጽሔት የካውንቲውን ሸሪፍ መሥሪያ ቤትና የመሪዎቹን አጭር ታሪክ እየጻፍኩ ነው። «በ1850 የመጀመሪያው ሸሪፍ ተሾሙ» ብዬ ብጀምር አንድ ወዳጄ «ተመረጡ ነው የሚባለው» አለኝ። ያን ያህል ልዩነት አለው? ደግሞስ ሸሪፍን «የፖሊስ አዛዥ»፣ ካውንቲን «አውራጃ» ብል አይሻልም?

መልስ፦ ወዳጅዎ ትክክል ናቸው፤ ልዩነቱም ትልቅ ነው።

«ተሾመ» ስንል ከበላይ ሆኖ የሾመ አለ ማለታችን ነው። ስሙ ባይጠራ እንኳ ሿሚው እዚያው ግሱ ውስጥ አለ። የሾመ ደግሞ ይሽራል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የወጣው ሥልጣን ከላይ ሲሰጥና ሲነጠቅ ካየ ሕዝብ ነው። የካሊፎርኒያ ሸሪፍ ግን ሥልጣኑን የሚያገኘው ከካውንቲው መራጭ ነው። ጆርጅ ቡሪልም በ1850 የመጀመሪያው ሸሪፍ የሆኑት በምርጫ ነው። ስለዚህ «ተመረጡ» ይበሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። እርስዎም መግቢያው ላይ ይህንኑ አንድ ጊዜ ቢጠቁሙ ይበቃል።)

«ተሾሙ» ግን ከጽሑፍዎ ጨርሶ አይጠፋም፤ ቦታ አለው። በ1932 ሸሪፉ ዊልያም ትሬገር ለኮንግረስ ተመርጠው ሲሄዱ፣ የካውንቲው ቦርድ ዩጂን ቢስካይሉዝን ሾመ። ከዚያ በኋላ ግን ቢስካይሉዝ እየተወዳደሩ፣ እየተመረጡ እስከ 1958 ቆዩ። እዚህ ላይ ሁለቱም ግሶች ያስፈልጋሉ፦ «በቦርዱ ተሾሙ፤ ኋላም በተደጋጋሚ ተመረጡ»። ጆን ስኮትም በ2014 ለጥቂት ወራት በጊዜያዊነት ያገለገሉት በሹመት ነው።

ከሁሉ ግልጽ የሆነው ምሳሌ የጂም ማክዶኔል ነው። በ2014 በምርጫ አሸንፈው ሸሪፍ ሆኑ። በ2018 በአሌክስ ቪላኑዌቫ ተሸነፉ። በ2024 ደግሞ የሎስ አንጀለስ ከተማ ፖሊስ አዛዥ ሆነው ተሾሙ፤ ያጯቸው ከንቲባዋ ካረን ባስ ናቸው። ሰውዬው አንድ ናቸው፤ ሥልጣናቸው የመጣው ግን ከሁለት የተለያየ ቦታ ነው። ሸሪፍን «የፖሊስ አዛዥ» ብለው ቢጽፉ ይህ ልዩነት ድምጥማጡ ይጠፋል። አንባቢዎ በዕለት ኑሮው የሚያውቀውንም ያምታቱበታል። ፌርፋክስ ላይ ያለው ሊትል ኢትዮጵያ የሚጠበቀው በከተማው ፖሊስ ነው። ከዚያ ብዙም የማይርቀው ዌስት ሆሊውድ ግን ለብቻው ከተማ ሆኖ ጥበቃውን ከሸሪፉ በኮንትራት ይገዛል። የካውንቲውን እስር ቤቶች የሚያስተዳድረውም ሸሪፉ ነው። እንግዲህ «ሸሪፍ»ን እንዳለ ይተዉት።

የስንብት ግሶቹም እንደዚሁ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በምርጫ የተሸነፈ ሸሪፍ «ተሻረ» አይባልም። ማክዶኔል ተሸነፉ እንጂ አልተሻሩም። ጄምስ ባርተን በ1857 ወንበዴዎችን ሲያሳድዱ ተገደሉ። ሸርማን ብሎክ በ1998 ምርጫው ቀናት ሲቀሩት ሥልጣን ላይ እንዳሉ አረፉ። ሊ ባካ በ2014 ሥልጣናቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ። በ2022 ግን መራጩ አዲስ ሕግ አጸደቀ። ከአምስቱ የቦርድ አባላት አራቱ ከተስማሙና በቂ ምክንያት ካለ፣ ቦርዱ ሸሪፉን ከሥልጣን ማንሳት ይችላል። ያን ቀን «ተሻሩ» ቢሉ ያምርብዎታል።

ባካን ካነሳን አይቀር፣ ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። እሳቸው በ2017 የእስር ቤቶቹን ምርመራ በማደናቀፍ ጥፋተኛ ተባሉ። የሦስት ዓመት እስራትም ተፈረደባቸው። ብዙ ጸሐፊዎቻችን እዚህ ሲደርሱ ሳይታወቃቸው ከአንቱታ ወደ አንተታ ይወርዳሉ። እስከ ትናንት «መሩ» ያሉትን ሰው በአንድ አንቀጽ ውስጥ «ተፈረደበት» ይሉታል። እባክዎ ይህን አያድርጉ። ታሪክ ጸሐፊ በተውላጠ ስም ፍርድ አይሰጥም፤ ፍርዱን ፍርድ ቤቱ ሰጥቷል። በአንቱታ ከጀመሩ ከቡሪል አንስቶ እስከ ዛሬው ሮበርት ሉና ድረስ ሁሉንም አንቱ ይበሉ።

«አውራጃ»ን አልመክርዎትም። ለኛ አውራጃ ማለት ከጠቅላይ ግዛት በታች፣ ከወረዳ በላይ የነበረ፣ ገዥ የሚሾምበት ግዛት ነው። ያን ቃል ይዘው ሲገቡ፣ በበር ያስወጡት «ተሾሙ» በመስኮት ይመለሳል። አበሻው ሁሉ በአፉ «ካውንቲ» ስለሚል ምንም አይከብደውም።

ለወሎና ለሐረር አንባቢዎችዎ ደግሞ አንድ መስመር ያስገቡ። ይህ ሸሪፍ ከነቢዩ ዘር ለሚወለዱ ከሚሰጠው ከዐረብኛው «ሸሪፍ» ጋር በድምፅ ብቻ ነው የሚገናኘው። የእንግሊዝኛው «ሻየር» እና «ሪቭ» ከሚሉ ጥንታዊ ቃላት የተገጠመ ሲሆን፣ ትርጉሙ «የግዛት ሹም» እንደማለት ነው። ጥንት በእንግሊዝ የንጉሥ ተሿሚ ነበርና። ካሊፎርኒያ ስሙን ወሰደች፤ ሿሚውን ግን በመራጭ ተካች።

በመጨረሻም «የሸሪፍ ጽሕፈት ቤት» ከማለት «የሸሪፍ መሥሪያ ቤት» ያሉት ይሻላል። ጽሕፈት ቤት ሲባል ለአንባቢ የሚታየው ጥቂት ክፍልና ጠረጴዛ ነው። ይህ ግን እስር ቤት፣ የፍርድ ቤት ጥበቃ፣ የጥበቃ ጣቢያና ሄሊኮፕተር ሁሉ ያለው ግዙፍ ድርጅት ነው።